ከከንፈሯ የወረደው ፊሽካ

«የዚህ ፎቅ ምሰሶዎች ፌሮ የላቸውም ይባላል» አለ ዘበኛው ለሦስተኛ ጊዜ፤ ወሬውን እንደ ማስቲካ ያመነዥገው ነበር። የእሳት አደጋ ቡድኑ አለቃ ፊሽካዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ምሰሶውን አየች፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። አንዴ ብትነፋ ውስጥ ያሉት ሁለት ባልደረቦቿ እሳቱን ትተው ይወጣሉ። ግን ፎቁን የሠራው ታላቅ ወንድሟ ነበርና ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ዘበኛው ፌሮ የለውም ይላል። ሰዎቼ ውስጥ ናቸው፤ እውነቱን ንገረኝ።»

«በእጄ ነው ያሰርኩት። በዘበኛ ወሬ ልታዋርጂኝ ነው?»

አፈረች፤ ፊሽካውንም ከከንፈሯ አወረደች።

ብዙም ሳይቆይ ምሰሶው ተሰበረና ጣሪያው በሁለቱ ላይ ተደረመሰ። አቧራው ሲገለጥ ከስባሪው ውስጥ ቀርከሃ እንጂ ብረት አልታየም።

«እኔ መች ከራሴ አወጣሁት፣ እህቴ» አለ ዘበኛው። «ከሥሩ እንዳትተኛ ብሎ የነገረኝ ፎቁን የሠራው ሰውዬ ራሱ ነው።»