የሰው ይቅርታ

በሌላ ሰው ስም ይቅር ማለት ይቻላል? አስታማሚዋ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ዓይናቸው የደከመው አሮጊት ግራ እግራቸውን ከሳፋው አውጥተው፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ ከፍ አድርገው ይዘውት ነበር። «ይቅር ሳትዪኝ አትነኪኝም፣ ልጄ» አሉ። ልጃቸው ወደዚህ የአረጋውያን መኖሪያ መጥታ አታውቅም፤ አስታማሚዋን ልጃቸው አድርገዋት ነው።

አስታማሚዋ ለአገሩም ለቋንቋውም እንግዳ ነበረች። ያማል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቀና ይበሉ የሚሉትን ቃላት ያስተማራት ሥራዋ ነው። «ይቅር በለን»ን ግን የለመደችው በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አባታችን ሆይን ከሰው አፍ እየለቀመች ስትደግም ነበር። እዚያ የምትለምነው ስለ ራሷ በደል ነው። የልጅቷን ቁስል ግን በምን ታውቀዋለች?

«እሺ በያቸውና ተገላገይ» አለች አንሶላ የምትቀይረው ባልደረባዋ። «ወይስ ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፉን ላንቺ አስረክቦሻል?»

የተነሣው እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሮጊቷ ግን ሊያወርዱት አልፈለጉም። ያን ጊዜ ተረከዙን በሁለት እጇ ተቀበለችውና አንቱታውን ትታ፣ «ይቅር ብዬሻለሁ፣ እማዬ» አለች። አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ፤ እግራቸውም ሙሉ ክብደቱን እጇ ላይ ጣለ። በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ቀስ ብላ አጠበችው።

ከሥራ ስትወጣ ራስጌያቸው ወደተለጠፈው የልጃቸው ስልክ ቁጥር መልእክት ላከች። «እናትዎ ዛሬ ይቅር በይኝ ብለው ለመኑ። እርስዎን መስያቸው እሺ አልኳቸው። የእርስዎን ነገር ሳላስፈቅድ ሰጠሁ፤ እኔንም ይቅር ይበሉኝ።» መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳያት። መልስ ግን አልመጣም።