የደጃፉ አግዳሚ

«የጫማ ሻጯን መደርደሪያ ያስነሳሁ ሰው የአባቴን አግዳሚ ብተወው፣ ነገ በየትኛው ፊቴ ነው በዚህ መንገድ የማልፈው?» ይላል የሽማግሌው ልጅ። አካፋውን ከእጁ አላስቀመጠም።

«ባለህ ፊት ነዋ፤ ሌላ አልተሰጠህም» ትለዋለች እህቱ። ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ነው የወጣችው፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «አባባ የት ይቀመጡ? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።»

«ቤት ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ነው?»

«ቤት ውስጥ ማን ያልፋል?»

ሽማግሌው ጠብ ባስነሳው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ወንዱ በግራቸው፣ ሴቷ በቀኛቸው ቆመው ከአናታቸው በላይ ይነጋገራሉ። የሰው ፊት መለየት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የሚታያቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። የልጃቸው ድምፅ ሲቀጥን ግን ያውቁታል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድምፁ የሚቀጥነው ሲጨንቀው ነው።

የሰፈሩ ሰው ማንም ሳይከፍለው፣ ከሥራ መልስና በእረፍት ቀን እየወጣ ቱቦውን ጠርጓል፤ ለዓመታት የተከመረውን ቆሻሻ አንስቷል፤ አሁን ደግሞ በመንገዱ ዳር የአበባ መደብ እየቆፈረ ነው። መደቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እንዲሄድ፣ ከየደጃፉ ወጣ ያለ ነገር ሁሉ እንዲነሳ በስብሰባ ተወሰነ። ሐሳቡን ያቀረበው ፀጉር አስተካካዩ ልጃቸው ነበር። ሽማግሌውም እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። ለልጃቸው ሲጨበጨብ ሰምተው ደስ ብሏቸው፣ ምን እንደተባለ እንኳ ልብ ሳይሉ።

ቁፋሮውን ከወዲያኛው ጫፍ ያስጀመረውም እሱ ነው። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባቸውም ነበር። የአባቱን ደጅ ለመንካት አልጨከነም፤ ወደኋላ ገፋው፣ አሁንም ገፋው። ዛሬ ሌላ ደጅ አልቀረም። ሰዉም የየራሱን ጨርሶ እዚህ ተሰብስቧል።

ጫማ ሻጯም መጥታለች።

«እኔ ምንም አላልኩም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ለማየት ነው የመጣሁት።»

«እዪ እንግዲህ። ትኬት አያስቆርጥም» ትላታለች ልጅቱ።

«መደርደሪያዬ ሲነሳ አልቅሻለሁ። ወንድምሽ ይመስክር። አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ ነው ያለኝ።» በንግግሯ ውስጥ ክፋት የለም። ቢኖር ኖሮ መልስ መስጠት ይቀል ነበር።

«አበባው እዚህች ጋ ዞር ብሎ ቢያልፍ ምን አለበት?» ይላል ከኋላ አንዱ።

«እሷ ጋ ለምን አልዞረም ታዲያ?» ይላል ልጃቸው።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የጨረሱት የጭነት መኪና በመንዳት ነው። ዓይናቸው ሲደክም መሪውን አስረከቡና ይህን አግዳሚ በገዛ እጃቸው ተከሉ። የቀረባቸው መሄዱ እንጂ መንገዱ አልነበረም። አላፊ አግዳሚው አጠገባቸው አረፍ ይልና የሆነውን ያልሆነውን ያወራላቸዋል፤ ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ዘይት ስንት እንደገባ። አንዳንዱም ምንም ሳይናገር ቁጭ ብሎ፣ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብሎ ይሄዳል። ቤት ድረስ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ግን የሚመጣው በሽተኛ ሊጠይቅ ነው። እዚያ ገና አልደረሱም።

«በቃችሁ» ይላሉ።

«አባባ፣ እርስዎ አይግቡበት» ትላለች ልጅቱ።

«እኔ የት ገባሁ? እናንተ ናችሁ እላዬ ላይ የቆማችሁት።»

ጥቂት ሰዎች ይስቃሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ግራ ይዘረጋሉ፤ ልጃቸው ይቀበላቸዋል። መዳፉ በላብ ርሷል። ወዲያው አይነሱም፤ ለጥቂት ጊዜ እንደያዙት ይቆያሉ።

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ እኮ» ይሉታል ቀስ ብለው። «ንቀለው።»

«አባባ…»

«ሰዉን አታቁም። የየራሱ ጉዳይ አለው።»

ይነሳሉ። ወንዶቹ አግዳሚውን ይከቡታል፤ አንዱ እግሩ ሥር ይቆፍራል፣ ሌላው ይነቀንቃል። እንጨቱ ከመሬት ሲላቀቅ ሽማግሌው ትልቅ ድምፅ ጠብቀው ነበር። የሰሙት ግን አፈር ፍርፍር ሲል ብቻ ነው። ልጅቱ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ትከትና ባልዲ ታነሳለች። ስትናደድ እጇ ሥራ ይፈልጋል።

ለመደቡ የሚሆነው ጥቁር አፈር ያለው ጋሪ ላይ ነው። ሰዉ ከጋሪው አንስቶ እስከ ጉድጓዱ ተሰልፎ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላል። ሽማግሌው የቆሙበት ቦታ ሰልፉ መሐል ሆኖ ተገኘ። በግራቸው ያለው ሰው ባልዲ ያስይዛቸዋል። ከባድ ነው። ተቀብለው ወደ ቀኝ ያቀብላሉ። ሌላ ይመጣል፤ እሱንም ያቀብላሉ። የሚቀበላቸው ሰው እጁ ሻካራ ነው፤ ማን እንደሆነ አልነገራቸውም፣ አልጠየቁትምም።

«የፀጉር ቤቱን ወለል እንዲህ ብትጠርግ ምን ነበረበት?» ይላል ከጉድጓዱ በኩል አንድ ሰው፣ ልጃቸው የፈሰሰውን አፈር ሲጠራርግ አይቶ። ልጃቸው ይስቃል፤ ልቡ ቀለል ያለው ሰው ሳቅ ነው። ሌሎቹም ይከተሉታል። ጫማ ሻጯ፣ «ችግኙ እንዳይረገጥ፣ ወዲህ በሉት» እያለች ታዛለች።

ሽማግሌው የያዙትን ባልዲ ያቀብሉና መዳፋቸውን ኮታቸው ላይ ይጠርጋሉ። አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላሉ። ከዚያ ሌላ። በሩን በጣታቸው ዳብሰው ያገኙትና ይገባሉ።

ግራና ቀኛቸው የነበሩት ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ትንሽ ዘርጋ ያደርጋሉ። ባልዲው ሳይቆም ያልፋል።