የኋላ ወንበር

ወረቀት ላይ ያልታተመ ነገር ሁሉ በዓመቱ ከሰው ልብ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ፣ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የእኔን የመለዋወጫ ካታሎግ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። ዘንድሮ አንዲት መስመር ተርፋ አዲስ ገጽ ልታስጨምረኝ ሆነ።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ረቂቁን ስታነብልኝ ድንገት ቆም አለች።

«‹የቮልስ የኋላ ወንበር፤ ሊዲያ የምትተኛበት› ይላል። ያንተ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሊዲያ ማናት?»

«እኔ ምን አውቄ! ዓምና የጻፍኩት ይሆናል። የመኪና ዕቃ አይደለችም፤ ሰርዢያት።»

እስክሪብቶውን አንስታ መስመሯን ሰረዘቻት። ገጹም ልክክ አለ።

ምሳ ስታቀርብ ሁልጊዜ ሦስት ብርጭቆ ትደረድር ነበር፤ ሦስተኛዋ ትንሽ፣ ቢራቢሮ የተሳለባት ፕላስቲክ ናት። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም።

ካታሎጉ ታትሞ የመጣ ዕለት ግን ፕላስቲኳን አንስታ አየቻትና፣ «ይቺ የማን ናት?» እንኳ ሳትል ቆሻሻ ውስጥ ጣለቻት።