የኬላው ቀን ሸሚዝ

ነገር የተበላሸው፣ መንግሥት ልብ የሚያነብ የኩራት ሸሚዝ አሰፍቶ በየቤቱ ያደለ ጊዜ ነው። ለባሹ የነጻነት ቀንን ታሪክ ከልቡ አምኖ ከተናገረ ጨርቁ አረንጓዴ ይበራል፤ ካላመነ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በበዓሉ ዕለት ከቤተሰቡ ቢያንስ አንድ ሰው ሸሚዙን ካላበራ፣ እስከ ከርሞ የቧንቧ ውሃ የለም።

አባቴ ነጻ በወጣንበት ቀን፣ ጠባቂዎች መንገዱን በዘጉበት ኬላ ላይ ነበር። ልጅ ሳለሁ እየሳቀ ይነግረኝ ነበር፦ ጠባቂዎቹ ዝናቡ ሲያማርራቸው ኬላውን ክፍት ትተው ሄዱ፤ እሱም ሽንኩርቱን ተሸክሞ አለፈ። በቃ፣ ነጻ ወጣን።

ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ቆመ።

"ኬላውን በባዶ እጃችን ሰበርነው፤ ደማችንን አፈሰስን" አለ።

ደረቱ ቦግ ብሎ በራ። እናቴ ባልዲዋን አንስታ ወደ ቧንቧው ሮጠች።

"አባዬ፣ ክፍት ነበር ብለኸኝ አልነበር?"

"ማን? እኔ?" እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። "ይህን ጠባሳ ታዲያ ከየት አመጣሁት፣ ትርሲት?"

በቅሎ የረገጠችው ነው። እሱን የነገረኝም ራሱ ነው።

"በአባትሽ ደም እንድታላግጪ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ?" አለኝ አባቴ።

ሸሚዙ ቅንጣት አልደበዘዘም፤ ከልቡ አምኖታል። እየዋሸኝ ቢሆን ኖሮ እቀመጥ ነበር። ግራጫ ሸሚዜን እንደለበስኩ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።