በአባቷ ጥርስ

ሻፊ ጣቱን ከልጁ አፍ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው፤ ጫፉ ሮዝ ቀለም ነክቶታል። የአራት ዓመቷ ራኒያ ከመቱ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ክሊኒክ አልጋ ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ምራቋ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ እናቷ ዘህራ በሻርፗ ጫፍ ትጠርግላታለች።

«ጋሼ ሻፊ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለ ነርሱ ቶኩማ። «ዋጠች ወይስ ተፋች?»

«አላየሁም። መጋዘን ስገባ የዘር በቆሎው ጆንያ ተፈትቶ፣ እሷም አጠገቡ ወድቃ አገኘኋት።»

ዘሩን ለቡሬ ማሳው ያስመጣው፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ሮዝ መርዝ የተለወሰውን በቆሎ ከቡናው ጆንያዎች ጎን ያቆመው እሱ ራሱ ነው።

«ውጣ ከሆነ አሁኑኑ ሆዷን ማጠብ አለብን። ሳትውጥ በዚህ ድካሟ ቱቦ ብከትባት ግን በትንታ ላጣት እችላለሁ።»

ሻፊ ጎንበስ አለ። «ራኒያ፣ የኔ እናት፣ ፍሬውን ምን አደረግሽው?»

«እንደ አባ።»

«እንደ አባ ምን?»

«ቋ አደረግሁት።»

ሻፊ ቡና ገዢ ነው። ከሚመጣለት ጆንያ ሁሉ አንድ ፍሬ አንሥቶ በመንጋጋው ይሰብራል፤ ድርቀቱን የሚያውቀው በድምፁ ነው።

«እርስዎስ» አለ ቶኩማ፣ «ከሰበሩት በኋላ ምን ያደርጉታል?»

ሻፊ ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ነክሷል፤ ከዚያ በኋላ አፉ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብሎ አያውቅም። ወደ ሚስቱ ዞረ።

ዘህራ ዓይኗን ከልጅቱ አልነቀለችም። «ገበሬው ፊትህ ከቆመ ትተፋለህ። ‹ዝናብ የጠጣ ነው› ትለዋለህ፤ የደረቀውንም እንዲሁ። ዋጋውን እንዲቀንስልህ።»

«ኧረ ዘህራ፣ ሰው ፊት...»

«ልጄ እየሞተችብኝ ስለ ሰው ፊት ታወራልኛለህ? ገበሬው ከሄደ በኋላ ግን ከዚያው ጆንያ ደግመህ ታነሣለህ። ‹ወላሂ፣ ምን የመሰለ ቡና ነው!› እያልህ ታደቅቀዋለህ፤ ትውጠዋለህም። እሷ ከሚዛኑ ሥር ቁጭ ብላ ታይሃለች።»

ሻፊ ከአልጋው ሥር ተንበረከከ። እንዲህ ያለ ጸሎት ከአፉ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም፦ «ያ ረቢ፣ ውሸቴን ተምራ ይሁን። ውሸቴን ብቻ።»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አለ ቶኩማ ጉንጯን መታ መታ እያደረገ፣ «አትተኚ፤ አባ እያናገረሽ ነው።»

«ራኒያ» አለ ሻፊ፣ «ስትጫወቺ ገበሬው ማን ነበር?»

የልጅቱ ከንፈር ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። «ሰፍዋን።»

ሰፍዋን የጎረቤት ልጅ ነው። ሻፊ ትንሿን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ፊትሽ ቆሞ ነበር? ዝናብ የጠጣ ነው አልሽው?»

«እህ።»

«ፍሬውንስ?»

«እንትፍ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዘህራ፤ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ቶኩማ ያነሣውን ቱቦ መልሶ ከጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሻፊ እንባው ጺሙን እያራሰው ይስቅ ነበር፤ የልጁን መዳፍ ይስማል፣ ደግሞ ይስማል። «ጎበዝ! የአባቷ ልጅ! ተፍታዋለች እኮ!»

ራኒያ ዓይኗን በግድ ከፈተች። አባቷ ሲያመሰግናት ደስ ይላታል፤ ጨዋታውንም እስከ መጨረሻው ልትነግረው ፈለገች።

«ከዚያ» አለች፣ «ሰፍዋን ወደ ቤቱ ሄደ።»

ሻፊ ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ፣ ከጀርባው ቶኩማ የቱቦውን ማሸጊያ ሲቀድ ሰማ።