የኦሼክ ሰይፍ

አጎትየው ሰይፉን ከአፎቱ መዝዞ ለአዳሮብ ሲያቀብለው እናቱ ዘህራ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። የሟቹ የበኩር ልጇ የኦሼክ ሰይፍ ነበር። አምና ኦሼክ ይህንኑ ታጥቆ ወደ ከሰላ ከተማ ገበያ ወርዶ ጠብ ገባ፤ እሱ በቃሬዛ፣ ሰይፉ በጓደኞቹ እጅ ተመለሱ። አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ለአቅመ ትጥቅ ደርሷል፤ ወግ ነውና እምቢ ማለት አልቻለችም። ትናንት ግን ለማንም ሳትናገር ቀጥቃጩን ለምና ስለቱን በሞረድ አስደንዛዋለች።

“በል እንግዲህ፣ አውራ ጣትህን አሳልፍበት!” አለ አጎትየው። “ወንድምህን በታጠቀው ዕለት ገና ሲነካው ነው ደሙን ያንጠባጠበው።”

አዳሮብ ጣቱን በስለቱ ላይ ቀስ አድርጎ ጎተተ። ቆም ብሎ እናቱን አያት። ዘህራ የኦሼክ ዓይን ያያት መሰላትና አንገቷን ደፋች።

“ውይ! ቆረጠኝ!” ብሎ አዳሮብ ጣቱን በጡጫው ጨበጠ።

“ይሄ ነው ስለት!” አለ አጎትየው፤ ወንዶቹም በኩራት ሳቁ።

ዘህራ ተንደርድራ ከልብሷ ጫፍ ቀደደችና አንዲት ጠብታ ደም ያልወጣውን ጣት ትጠቀልለው ጀመር።

“ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ እማዬ” አላት በሹክሹክታ። “ሌሊቱን ሙሉ ኦሼክ በሕልሜ ‘ሰይፉን አትንካው’ ሲለኝ ነው ያደረው።”