በጨለማ «ማነህ» አይባልም

ሽጉጥ ሻጩን የሰፈሩ ሰው «ቆይ-ቆይ» ነው የሚለው። ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ እሷ ናት። ለቤቴ ጥበቃ ብሎ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ጓዳ ገብቶ ሳይለማመድ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሸጥም ይላል።

የጓዳው ወለል ላይ በጠመኔ አልጋ፣ ኮሪደርና በር ተሥለዋል። ገዢው አልጋው ላይ ይጋደማል፣ መብራት ይጠፋል፣ ቆይ-ቆይ ራሱ ሌባ ሆኖ በበሩ ይገባል። ገዢው ሦስት ጊዜ «ማነህ?» ሳይል የባዶውን ሽጉጥ ቃታ ከሳበ ጉዱ ፈላ። ቆይ-ቆይ መብራቱን ቦግ ያደርግና «በል አሁን የገዛ ልጅህን ገደልከው፤ ሂድና ቅበረው!» ብሎ ያባርረዋል።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ባልና ሚስት መጡ። ባልየው ከፊት፣ ሚስትየው ከኋላ።

«ለእሷ ነው» አለ ባልየው፣ በአገጩ ወደ ኋላ እየጠቆመ። «እኔ ማታ ማታ ሥራ ነኝ፣ የምመለሰው ሌሊት ነው። ያንን ትልቁን አውርደው።»

«ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ እጇን ልየው።»

«እጇን ምን ያደርግልሃል? የምከፍለው እኔ ነኝ!»

በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ ማለቱ ሳያንስ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ቆይ-ቆይ ደሙ ፈላ፤ ግን ስንቱን ባለጌ ችሎ ያረጀ ሰው ነውና ዋጥ አደረገው። ትልቁን ትቶ አነስ ያለ ስድስት ጎራሽ አወጣ። ይሄኛው ማቀባበል አይፈልግም፤ ከእንቅልፉ ለባነነ ሰው ቃታ መሳብ ብቻ ይበቃል። ሴትየዋ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች።

«ቤት ውስጥ ከእናንተ ሌላ ማን አለ?»

«ያ ወንድሟ አለ» አለ ባልየው። «አባታቸው ቤቱን ለሁለቱ አውርሷቸው ሞተ። ይኸው ግማሹ የኔ ነው እያለ የኋላውን ክፍል ይዞ ተጎልቷል፤ መዥገር! ደግነቱ ዓይኑን ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። እኔ ስተኛ ይወጣል፣ እኔ ስወጣ ይገባል።»

«እሱም ሌሊት ይገባል?»

«ደስ ባለው ሰዓት ይገባል።»

«ታዲያ እህቱ በጨለማ በምን ትለየው?»

«እኔ ስመጣ መስኮቱን ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ እኔ መሆኔን ታውቃለች። የሌላው የራሱ ጉዳይ ነው» አለና ሰዓቱን አየ።

ጓዳ ገቡ። ሴትየዋ ተጋደመች፣ መብራቱ ጠፋ፣ ቆይ-ቆይ ኮቴውን አጥፍቶ ገባ።

«ማነህ?» አለች።

«ምን ማነህ አለ!» ባልየው ከጥግ ጮኸባት። «ማነህ ስትዪው አንቺን ይጨርስሻል! መስኮቱ ካልተንኳኳና በሩ ከተከፈተ ተኩሺ፣ አለቀ!»

«ቆይ፣ ቆይ! በእኔ ቤት እንዲህ አይባልም!»

መብራቱ በራ። ሴትየዋ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«አልገባኝም» አለች ለስለስ ባለ ድምፅ። «እንዴት ነበር ያልከኝ?»

«ደደብ!» ባልየው አሁን ቃል በቃል እየቆራረጠ ደገመላት። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ልብስ ሰፊ እንኳ ለመስማት የስፌት መኪናውን አቆመ። «ለወንድምሽ ደግሞ ሽጉጥ መግዛታችንን ትንፍሽ ብትዪ ወዮልሽ!»

ለቆይ-ቆይ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወለል ብሎ የታየው። ወንድምየው ወደ መቃብር፣ እሷ ወደ እስር ቤት፣ ቤቱ ወደ ባልየው። አቤት ክፋት! ሰው እንዴት ሚስቱን በወንድሟ ላይ ያሰለጥናል? ሆዱ ባባ። በሁለተኛው ልምምድ ሴትየዋ ምንም ሳትጠይቅ ሦስቴ ቃታ ስትስብ፣ እጇም ንቅንቅ ሳይል ሲያይ ደግሞ ይብስ አዘነላት። የነገሯትን የምትፈጽም የዋህ መሰለችው።

አልሸጥም ሊል አሰበ። ግን የመሣሪያ ፈቃዳቸው ሙሉ ነው። ማዶ ያለው ሱቅ አንድ ነገር ሳይጠይቅ ይሸጥላቸዋል፤ እዚያ ደግሞ የሚያስጠነቅቃት ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሸጠላቸው። ባልየው ከፍሎ መኪና ሊያመጣ እንደወጣ፣ ቆይ-ቆይ ከጠረጴዛው ጀርባ ዞሮ ሴትየዋን ክንዷን ያዛት።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ባልሽ ሌባ አይደለም የፈራው። ወንድምሽን በገዛ እጅሽ ሊያስገድልሽ ነው። በእናትሽ ይሄን ነገር መልሺልኝ፤ ብሩን አሁኑኑ እሰጥሻለሁ።»

ሴትየዋ አልደነገጠችም። ሽጉጡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። የመኪናው ጥሩምባ ከውጭ ጮኸ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። እሷ ግን አልቸኮለችም።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «ወንድሜን አክስታችን ቤት ከላክሁት ዐሥር ቀኑ ነው፤ አሁን በዚያ በር ሌሊት የሚገባው ባሌ ብቻ ነው። ብቻ እርስዎ ሲጠየቁ፣ ዛሬ ያለኝን አንድም ቃል ሳያጎድሉ ይንገሩልኝ።»